ኮምፒዩተሬ አርጅቷል፤ ግን ገና አልሞተም

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትሁና እስኪነሣ ድረስ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዬን ጠጥቼ፣ ከጓደኞቼ ጋራ ጥቂት ተጫውቼ ስመለስ በመስኮቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ነጠብጣቦች ገና ይዞሩ ነበር። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይመለከተኝ የነበረ አንድ የኢንጂኒየሪንግ ተማሪ፣ «ይህንስ ለሙዚየም ስጥና እናትህ አዲስ ይግዙልህ እንጂ!» አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ «እናትህ ይግዙልህ» የሚለው ቃል ከልቤ ውስጥ አልወጣም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ቃል በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ በየቀኑ የሚነገር ነው። ኮምፒዩተር ሲዘገይ የመጀመሪያው ሐሳባችን መግዛት ሆኗል። እኔ በበኩሌ መግዛት የመጨረሻው ሐሳብ መሆን አለበት እላለሁ። ይህንንም የምለው ድኽነትን ለማሞገስ ወይም አሮጌ ዕቃን እንደ ቅርስ ለማቀፍ ብዬ አይደለም። ዕቃው ለምን እንደሚዘገይ ሳናውቅ የምናወጣው ገንዘብ የእኛ ሳይሆን የወላጆቻችን ገንዘብ ስለ ሆነ ነው።

የራሴን ታሪክ ላስቀድም። ላፕቶፔ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራ ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው ዩኒቨርስቲ በገባሁበት ዓመት ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ያገለገለ ነበር። 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ባትሪው ከሞተ ቈይቷል፤ ስለዚህ ገመዱ ሲነቀል እሱም አብሮ ይጠፋል። እስከ ሦስተኛ ዓመት ድረስ እንደ ምንም አዘገምሁት። የመመረቂያ ጽሑፌን መጻፍ ስጀምር ግን ነገሩ ከበደ። አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር፤ ፊደሉም ከነካሁት በኋላ ቈይቶ ብቅ ይል ነበር።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ብዙም አላመነታችም። «ልጄ፣ ትምህርትህ ከተሰናከለ ዕቁቡ ምን ያደርግልኛል? ታኅሣሥ ላይ ሲደርሰኝ ውሰደው» አለችኝ። ይህን ዕቁብ ግን አውቀዋለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ያፈሰሰብንን ጣሪያ ለማስከደን የተቈጠረ ገንዘብ ነበር። እናቴ በዝናብ ሌሊት ባልዲ ስታዛውር የሚሰማው የባልዲ ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። በአንድ በኩል የኔ ኮምፒዩተር፣ በሌላ በኩል የቤታችን ጣሪያ፤ እንግዲህ ምርጫው ይህ ነበር።

የዕቃውን ዋጋ ማናችንም እናውቀዋለን። ኮምፒዩተር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። በብር የሚቈጠረው የወላጆቻችን ደመወዝና የወላጆቻችን እህል ግን በዚያው ልክ አልዘለለም። ስለዚህ ዛሬ «አዲስ ይግዙልህ» ማለት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ይልቅ እጅግ የከበደ ቃል ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከመግዛቴ በፊት ዕቃው ለምን እንደሚዘገይ ልጠይቅ ብዬ ተነሣሁ። የኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝና ስለ ኮምፒዩተር ውስጠኛ ክፍል የማውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም ጥቂት ካነበብሁና ጥቂት ከጠየቅሁ በኋላ የገባኝ ነገር አስገረመኝ። ኮምፒዩተር እንደ በቅሎ እግሩ አይደክምም። የዛሬ አሥር ዓመት በሰከንድ ይሠራ የነበረውን ስሌት ዛሬም በዚያው ፍጥነት ይሠራዋል። የተለወጠው የሚጫንበት ሸክም ነው።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለመሥራት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 64 ሜጋባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 4 ጊጋባይት ነው። በ20 ዓመት ውስጥ 64 እጥፍ ማለት ነው። እኛ የምንጽፈው ጽሑፍ ግን 64 እጥፍ አልረዘመም፤ አሥር ገጽ ያው አሥር ገጽ ነው። ኒክላውስ ቪርት የተባለው የስዊስ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1995 በጻፈው ጽሑፍ፣ ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ማሽኑ ከሚፈጥንበት ፍጥነት እንደሚበልጥ አመልክቶ ነበር። እንግዲህ የኛ ነገር ከተነገረ 30 ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሃርድ ዲስኩ ነው። የኔው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ነው፤ ይኸውም በሰከንድ 90 ጊዜ መሆኑ ነው። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ትንሽ ፋይል በተፈለገ ቍጥር ማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ፣ ዲስኩም ዞሮ ከሥሩ መድረስ አለበት። ፋይሎቹ ወዲያና ወዲህ ተበታትነው ሲገኙ በሰከንድ መቶ ያህል እንኳ ማንሣት አይችልም። የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን በሺህ የሚቈጠር ያነሣል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ደግሞ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ፋይሎች እጅግ ብዙ ናቸው። እኔ ሻይ ስጠጣ የሚመላለሰው ያ ክንድ ነበር።

ሦስተኛው የራም ማነስ ነው። ራም እንደ ጠረጴዛ፣ ዲስክ እንደ መደርደሪያ ነው ብንል እንግባባለን። ጠረጴዛው ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ከፊሉን ሥራ አንሥቶ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፤ ሲፈልገው ደግሞ እንደ ገና ያመጣዋል። መደርደሪያው ቀርፋፋ ከሆነ ሥራው ሁሉ መመላለስ ብቻ ይሆናል። አራተኛው አቧራ ነው። ፋኑ በአቧራ ሲታፈን ማሽኑ ይግላል፤ ሲግልም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን በገዛ እጁ ያዘገያል።

ይህን ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀድሞ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። «ጋሼ፣ አርጅቶብኛልና ይሸጥልኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው» አልኋቸው። ክዳኑን ፈትተው ካዩት በኋላ ከፋኑ ውስጥ የዶሮ ላባ የሚያህል የአቧራ ድፍድፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ልጄ፣ ሞተሩ ደኅና ነው፤ መንገዱ ነው የተዘጋው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን፣ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሬ፣ በተራው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ በሽታውን መርምሩ። ታስክ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ክፈቱና ኮምፒዩተሩ ሲንገዳገድ መቶ በመቶ የሚሞላው የትኛው እንደ ሆነ እዩ፤ ፕሮሰሰሩ ነውን? ራሙ ነውን? ወይስ ዲስኩ ነው? የኔው ዲስኩ ነበር። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር ሳይጠሩ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ከዚያው ገጽ ላይ አስቀሩ። በኔ ላይ ዘጠኝ ተገኙ፤ የምፈልገው አንዱን ብቻ ነበር። የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም አጥፉ፤ ዲስኩም እስከ አፉ እንዳይሞላ ፊልሙን ቀንሱ። ብራውዘር ላይ 20 ታብ ከፍቶ «ኮምፒዩተሬ ዘገየ» ማለት በአንድ አህያ ላይ የሰፈሩን እህል ሁሉ ጭኖ አህያዋን እንደ መውቀስ ነው።

ሦስተኛ፣ አቧራውን አስጠርጉ። ይህ በጥቂት ገንዘብ የሚሆን ነው። የባትሪው ሆድ ያበጠ እንደ ሆነ ግን ዛሬውኑ አስወጡት፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ቀልድ አይደለም።

አራተኛ፣ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለውጡ፤ ቀጥሎ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት አሳድጉ። ራሙ ከቦርዱ ጋራ የተበየደባቸው ላፕቶፖች ስላሉ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ሁለት ወር የሰው ጽሑፍ በመተየብ ባገኘሁት ገንዘብ ሁለቱንም አስደረግሁ። ያወጣሁት በሱቅ ከጠየቅሁት የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ከአሥር አንዱን እጅ እንኳ አልሞላም። አስቀድሞ ለመነሣት ስድስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ላፕቶፕ ዛሬ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሻዩ ልማድ ብቻ ቀረብኝ።

አምስተኛው ነገር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለተመዘገቡ ግለሰቦች ያደረገውም ማራዘሚያ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት አካልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ በጥቅሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩትን ኮምፒዩተሮች በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ላፕቶፖቻችን ሳይሞቱ ሞታችኋል ተብለዋል። እኔ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንሁ። ይህ ሲስተም 2 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል ይላል፤ 4 ቢሆን ይመርጣል። ለጽሑፍም ሊብረኦፊስ አለ፤ እሱም ያለ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አስቸገረኝ፤ አልዋሽም። ሁለተኛው ሳምንት ግን ቀለለኝ።

«አማርኛስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ እኩል ዜጋ ነው። ነጻ የሆኑ ፊደላት አሉ፤ ነጻ የሆኑ የአማርኛ መጻፊያዎችም አሉ። የሚያስቸግረው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል አጣጣሎች የተጻፈው ጽሑፍ ነው፤ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። የኛ ፋኩልቲ ልጆች በተለይ ይህን ልብ በሉ። በዩኒኮድ የጻፈ ሰው ጽሑፉን ከዕቃው ዕድሜ ነጻ አወጣው ማለት ነው።

እስከዚህ የተናገርሁት ሁሉ ድል ድል ይሸትታል። ስለዚህ ውድቀቴንም መናገር አለብኝ። ኤስኤስዲውን ከማስገባቴ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለተኛ ምዕራፍ ስጽፍ መብራት ጠፋ። ባትሪው የሞተ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩም አብሮ ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ ተበላሽቶ አልከፈት አለኝ። በፍላሽ የያዝሁት ቅጂ የሦስት ሳምንት በፊት ነበር። 11 ገጽ ጠፋብኝ። ያን ሌሊት ያለቀስሁት በኮምፒዩተሩ ማርጀት መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ሲገባኝ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። አሮጌ ዕቃ ይዞ ቅጂ አለመያዝ ማለት በተሰነጠቀ ገንቦ ውሃ ቀድቶ እንደ መተኛት ነው። ከዚያ ወዲህ በየማታው አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በኢሜይል ለራሴ እልካለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ቢሆን ይህችን ያዙ። ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አስቀድማችሁ ሥራችሁን ገልብጡ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። ያ የሳቀብኝ የኢንጂኒየሪንግ ተማሪ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ፣ «አንተ ድርሰት ነው የምትጽፈው፤ እኔ የሕንጻ ንድፍ የምሠራበት ፕሮግራም በአንተ ዕቃ ላይ አይነሣም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሱ ሥራ ጠንካራ ፕሮሰሰርና ብዙ ራም ግዴታ ነው፤ እሱ አዲስ ቢገዛ ቅንጦት አይባልበትም። ሌላዋ የክፍሌ ልጅ ደግሞ፣ «ጊዜስ ገንዘብ አይደለምን? ስድስት ደቂቃ በየቀኑ ስትጠብቅ በዓመት ስንት ሰዓት ጠፋ?» አለችኝ። ይህም እውነት ነው። ስድስት ደቂቃ በየቀኑ በዓመት ከ36 ሰዓት በላይ ይሆናል። እኔም እስከ ዛሬ ልጠብቅ ነበር አላልሁም፤ መንገዱን ክፈቱ ነው ያልሁት። በትዕግሥት መሰቃየትና ዐውቆ መጠገን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ መቼ ይገዛ? በኔ ሐሳብ የሚገዛው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። ይኸውም የትምህርቱ ሥራ በግድ የሚጠይቀው ፕሮግራም ከተጠገነ በኋላም በአሮጌው ላይ እንቢ ሲል፤ የጥገናው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሲበልጥ፤ ገንዘቡም ከሌላ አፍ ላይ የሚነጠቅ ሳይሆን ሲቀር ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል ቈም ብሎ ማሰብ ይገባል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

የሚያሳዝነኝ ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ ኀፍረቱ የሚያስገዛን መሆኑ ነው። ክዳኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ይዞ ቤተ መጻሕፍት መግባት የሚያሳፍረው ተማሪ አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እኔም እንዲሁ ነበርሁ፤ ጥግ ፈልጌ እቀመጥ ነበር። የተማረ ሰው የሚለካው በያዘው ዕቃ ነው ያለን ማን ነው? አባቶቻችን በኩራዝ ብርሃን ብራና ላይ ጽፈው ያቈዩልን መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ። ደግሞም የምንጥለው ዕቃ የትም አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ባወጡት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አስወጥታለች፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደ ገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከነመርዙ አንድ ቦታ ተከምሯል ማለት ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የጥገና ጠረጴዛ ይከፈት። የኮምፒዩተርና የኤሌክትሪክ ተማሪዎቻችን እጃቸውን ያፍታታሉ፤ እኛም አቧራችንን እናስጠርጋለን። ሁለተኛ፣ የሚመረቁ ተማሪዎች የማይፈልጉትን ራም፣ ቻርጀርና ዲስክ ለማኅበሩ ይተዉ፤ ከሁለት የሞቱ ላፕቶፖች አንድ ሕያው ላፕቶፕ ይወጣል። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን የቤት ሥራን የቅርቡ ፕሮግራም ብቻ በሚከፍተው ዓይነት ፋይል እንዳይጠይቁ ማኅበሩ በአክብሮት ይነጋገርልን። ከነዚህ አንዱም ብዙ በጀት አይጠይቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህን የያዛችሁትን ገጽ ያባዛው የማኅበራችን ማባዣ መኪና ራሱ ከአዘጋጆቹ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ቀለሙን ጨምረው፣ ወረቀቱን አስተካክለው ሲያዞሩት ግን ይሠራል፤ ሲነጫነጭም ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አለው። ኮምፒዩተሮቻችንም ጠባያቸውን የሚያውቅ ሰው ነው ያጡት።

የእናቴ ዕቁብ ታኅሣሥ ላይ ወጣ። በጥር አዲሱ ቆርቆሮ ተመታ። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ስልክ ደውላ፣ «ልጄ፣ ስማ!» አለችኝና ስልኩን ወደ ላይ አንሥታ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ አሰማችኝ። የባልዲ ድምፅ አልነበረም። እኔም በዚያች ሰዓት፣ በዚያው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ የመጨረሻውን ምዕራፌን እጽፍ ነበር።